ሚ-8 ሄሊኮፕተርን ከሚ-17 በምን እንለያቸው?

ጥያቄ፦ ቆመው ሳሉ አካላቸው አንድ ነው። ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? ደጋ ላይስ አቅማቸው እንዴት ነው?

መልስ 1፦ ጅራቱን እይ። ከአብራሪው አቅጣጫ የሚ-8 የጅራት ሮተር (ጅራቱ ላይ የሚሽከረከረው ትንሹ ማራገቢያ) በቀኝ፣ የሚ-17 በግራ ነው። የሞተር አፍ ላይ ያለው ክብ የአቧራ መከላከያም ይረዳል፤ እኔ ግን ጅራቱን ነው የማምነው።

መልስ 2፦ ቁም ነገሩ ሞተሩ ነው። የሚ-8 ሁለት ቲቪ2-117 እያንዳንዳቸው 1,500 የፈረስ ጉልበት፣ የሚ-17 ቲቪ3-117 ደግሞ 1,900 ገደማ ይሰጣሉ። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሙቀት ሲጨመርበት ወረቀት ላይ ያለው 4 ቶን ጭነት አይነሳም። ነዳጅ ወይም ጭነት መቀነስ ግድ ነው።

መልስ 3፦ አቧራ መከላከያው ከኮምፕረሰሩ (አየሩን ከሚያምቀው የሞተሩ ክፍል) አየር ስለሚስብ ጉልበት ይቀንሳል። አቧራ ባለበት ሲነሱና ሲያርፉ እንዲሠራ ይደረጋል፣ ንጹሕ አየር ላይ ይጠፋል። ያለ እሱ አሸዋ የኮምፕረሰሩን ምላጮች ይበላል።