ሳቢያን፣ ጓሮ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቦታ፦ ከምን ልጀምር?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ሳቢያን ነኝ። ከጓሮ ኒሟ ሥር 3 በ4 ሜትር ቦታ አለችኝ፤ በእረፍት ቀን ወንበር፣ መደርደሪያ፣ የልጆች አልጋ ልሠራባት ቆርጫለሁ። ድሪል፣ የእጅ መጋዝና መዶሻ አለኝ። የሚያስጨንቀኝ ሙቀቱ ነው፤ ቆርቆሮ ባለብሳት ቀን ላይ ማን ይገባባታል? መብራቱንስ ከቤት በኤክስቴንሽን ልሳበው?

መልስ፦
ወንድሜ፣ በድሬ ፀሐይ አራቱንም ግድግዳ እንዳትዘጋ። ሁለቱን ጎን በወንፊት ሽቦ ብቻ ከልለው፤ ጣሪያውን ከፍ አድርገህ ከግድግዳው ጋር ክፍተት ተውለት፣ የጋለው አየር በዚያ ይውጣ። ከማሽን በፊት ግን ጠንካራ የሥራ ጠረጴዛ! ቀጥ ብለህ ቁምና እጅህን አውርድ፤ ከፍታው እስከ እጅ አንጓህ ይሁን። ሞርሳውን (እንጨቱን ጨብጦ የሚይዝልህን ማሰሪያ) ጥግ ላይ፣ ከእግሩ አናት አጠገብ በብሎን እሰረው፤ መሀል ላይ ካሰርከው ስትመታ ጠረጴዛው ይዘላል። ደግሞ እንጨት ገዝተህ በማግስቱ አትገጣጥም። በየመሀሉ ቀጫጭን ጣውላ አስገብተህ ጥላ ውስጥ ሳምንታት አቆየው፤ የኛ ደረቅ አየር ያልደረቀ እንጨት ያጣምማል፣ መጋጠሚያውንም ይከፍታል።

ሌላ መልስ፦
ኤክስቴንሽኑን ተወው። በተለይ ተጠቅልሎ እያለ ግራይንደር ከሰካህበት ይግላል። 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ገመድ፣ የራሱ 16 አምፔር ብሬከር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምድር ሽቦ። በኤሌክትሪክ ባለሙያ አሠራው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የጠረጴዛውን እግር አፈር ላይ ላቁመው ወይስ ሲሚንቶ ላፍስስ?

መልስ፦
ሲሚንቶ አፍስስ። አፈር ላይ ካቆምከው ምስጥ ይበላዋል።