የዩራከስ ሲስት፦ መግሉ ከወጣ በኋላ ለምን እንደገና ኦፕራሲዮን?

ጤና መኮንን
ጤና ይስጥልኝ። ታካሚው የ19 ዓመት ወጣት ነው። ከእምብርቱ በታች መሃል ላይ እብጠት፣ ትኩሳት፣ ሲሸና ማቃጠል ነበረው። መጀመሪያ ትርፍ አንጀት ተጠርጥሮ ነበር፤ አልትራሳውንድ ላይ ግን መግል የያዘ የዩራከስ ሲስት (ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ከረጢት) ሆኖ ተገኘ። ድሬን (መግል ማውጫ ቱቦ) ገብቶለት መግሉ ወጣ፣ ትኩሳቱም ወረደ። ቤተሰቡ «ልጁ ድኗል፣ ምን ያስቀድደዋል?» እያሉ ነው። ምን ልበላቸው? ኦፕራሲዮኑስ መቼ ይሁን?

የቀዶ ሕክምና ሐኪም
መግሉ ወጣ እንጂ ከረጢቱ እዚያው ነው ይበሏቸው። ዩራከስ ጽንስ እያለን ፊኛን ከእምብርት ያገናኝ የነበረ መስመር ነው፤ በአብዛኛው ሰው ይደፈንና ጅማት ሆኖ ይቀራል። ጫፍና ጫፉ ተዘግቶ መሃሉ ክፍት ሲቀር ሲስት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ወደ ፊኛው ጠጋ ብሎ። የውስጥ ሽፋኑ እስካለ ድረስ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ባክቴሪያም (በብዛት ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ) ይመለስበታል። መግሉ ብቻ ወጥቶ ከተተወ ከ3 ሰው በ1ዱ ገደማ እንደገና ያመረቅዛል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ 6 ሳምንት ያህል ቢቆይ ጥሩ ነው። ባበጠና በተጣበቀ ሥጋ ላይ ከተገባ ፊኛውንም አንጀቱንም መቅደድ ቀላል ነው። ሲወጣ ግን ከእምብርት እስከ ፊኛው አናት ሙሉ መስመሩ፣ ከፊኛው ግድግዳም ጥቂት ተጨምሮ ይወጣል። ፊኛው ላይ ቁራጭ ማስቀረት ነው ትልቁ ስህተት። ፊኛው የሚሰፋው በሚሟሟ ክር ብቻ ነው፤ የማይሟሟው ጠጠር ይሠራበታል። ካቴተሩ (የሽንት ቱቦው) ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል።

ራዲዮሎጂስት
ድሬኑን ትኩሳት ስለወረደ ብቻ አይንቀሉት። በቀን ከ10 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድና አልትራሳውንዱ ባዶ ሲያሳይ ይነቀላል። የመግሉ ካልቸር (ባክቴሪያውን የሚለየው ምርመራ) ተልኳል? ካልተላከ አንቲባዮቲኩ በግምት ነው ማለት ነው።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሲቲ ስካን ይታይ። ጠጣር ክፍል ወይም የካልሲየም ነጠብጣብ ካለ፣ ሽንቱም ደም ካለበት፣ አዴኖካርሲኖማ (የካንሰር ዓይነት) መታሰብ አለበት። በዚህ ዕድሜ ብርቅ ነው፤ ሲገኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የወጣው ሁሉ ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ይሂድ።

የሕፃናት ነርስ
ይህን አይታችሁ ሕፃን ላይ አትቸኩሉ። ከ6 ወር በታች ሆኖ ምልክት ከሌለው ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ በአልትራሳውንድ መከታተል ይበቃል። በሲልቨር ናይትሬት (እርጥብ እምብርት ማድረቂያ መድኃኒት) ተነክቶም የማይደርቅ እምብርት ግን አልትራሳውንድ ይፈልጋል።

ጤና መኮንን
ካልቸሩ ተልኳል። በእነዚህ 6 ሳምንታት ቤተሰቡ ምን ይጠብቅ?

የቀዶ ሕክምና ሐኪም
ትኩሳት ከተመለሰ ወይም ከእምብርቱ መግል ከወጣ በዚያው ቀን ይምጣ። ሕመሙ ድንገት መላ ሆዱን ካዳረሰና ሆዱ እንደ ጣውላ ከደረቀ ወደ ሆድ ዕቃ ፈንድቷል ማለት ነው፤ ያኔ 6 ሳምንት የሚባል ነገር የለም፣ ቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው።