ሞተሯ የተቀየረ መኪና ምዝገባዋ ጊዜው ቢያልፍ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ መልሶ ማስመዝገብ ይቻላል?

የዲኤክስ ወዳጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. የ1982 ሥሪት የሆነች ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ፤ አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ዲኤክስ ብለን የምናውቃት ናት። አብሯት የመጣው ባለ ካርቡራተር 1.8 ሊትር ሞተር ዘይት መብላት ስለ ጀመረ፣ ባለፈው ዓመት አውጥቼው ከ1986 ኮሮላ ጂቲኤስ ላይ የተነሣ ባለ 16 ቫልቭ 1.6 ሊትር ሞተር ከነካምቢዮው ገጥሜላታለሁ። የጭስ ማውጫ ማኒፎልዱንም ከኢንተርኔት በገዛሁት ሌላ ማኒፎልድ ተክቼዋለሁ።

መኪናዋ ለመጨረሻ ጊዜ ስሞግ የሚባለውን የጭስ ምርመራ ያለፈችው ከዚህ ሁሉ ለውጥ በፊት ነው። ምዝገባዋ ከሦስት ወር በኋላ ያበቃል፤ የእድሳት ማስታወቂያው ሲደርሰኝም ስሞግ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። በሌላ በኩል እናቴን ለማስታመም በሚቀጥለው ወር ወደ ደሴ ስለምሄድ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት እዚያ እቆያለሁ ብዬ አስባለሁ። መኪናዋን በወንድሜ ግቢ ውስጥ አቁሜ ምዝገባውን ዝም ብዬ ባሳልፈው ስመለስ ምን ይጠብቀኛል? የሞተሩን ጉዳይስ ከመሄዴ በፊት ልጨርሰው ወይስ ሲደርስ ይታያል ብዬ ልተወው?

ጋራዥ ውስጥ ያረጀ

በቅድሚያ ለእናትዎ ምሕረቱን ይላክላቸው።

ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል፤ ለየብቻ ብናያቸው ይሻላል። ምዝገባን ዝም ብሎ ማሳለፍና መኪናዋ እንደማትነዳ ለዲኤምቪ (ለግዛቱ የተሽከርካሪ መዝጋቢ መሥሪያ ቤት) አሳውቆ ማቆም በውጤታቸው ሰማይና ምድር ናቸው። ዝም ካሉ ዲኤምቪ መኪናዋ መንገድ ላይ እንዳለች ስለሚቆጥር የእያንዳንዱ ዓመት ክፍያ ከነቅጣቱ ይደራረባል። መዘግየቱ ከሁለት ዓመት ሲበልጥ በመመዝገቢያ ክፍያው ላይ 100 ዶላር፣ ለሀይዌይ ፓትሮል በሚከፈለው ላይ ሌላ 100 ዶላር፣ በመኪናዋ ዋጋ ልክ በሚሰላው ክፍያ ላይ ደግሞ 160 በመቶ ቅጣት ይታሰባል። የእርስዎን የመሰለች አሮጌ መኪና ዋጋዋ አነስተኛ ስለሆነ 160 በመቶው ስሙ ያስደነግጣል እንጂ ብዙ አያስከፍልም፤ የሚጎዳዎት ያ ሁለት መቶ ዶላርና የተጠራቀመው መደበኛ ክፍያ ነው።

ፒኤንኦ የሚባለው፣ መኪናን እንደማይነዱ አስቀድሞ አሳውቆ የማቆም ሥርዓት ግን ለእንደ እርስዎ ዓይነቱ ሰው የተዘጋጀ ነው። ምዝገባው ከማብቃቱ 60 ቀን በፊት ጀምሮ፣ መኪናዋ እንደማትነዳ ገልጸው ከመደበኛው ክፍያ በእጅጉ ያነሰ ገንዘብ ይከፍላሉ። ካበቃ በኋላም እስከ 90 ቀን ድረስ ማስገባት ይቻላል፤ ቅጣት ግን አለው። ለፒኤንኦ የስሞግ ወረቀት አይጠየቅም፤ ስሞጉ የሚጠየቀው መኪናዋን ወደ መንገድ ሊመልሷት ሲፈልጉ ነው። በሌሉበት ዘመንም የኋላ ክፍያ አይጠራቀምብዎትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት አንዲት ነገር አለች። እርስዎ የሚሄዱት በሚቀጥለው ወር ሲሆን ምዝገባው የሚያበቃው ከዚያ ሁለት ወር ዘግይቶ ነው። አውሮፕላን ከመሳፈርዎ በፊት ኢንሹራንሱን ካቋረጡት ኩባንያው መቋረጡን ለዲኤምቪ በኤሌክትሮኒክስ ስለሚያሳውቅ፣ ገና ያላለቀው ምዝገባዎ ይታገዳል። ስለዚህ ወይ ኢንሹራንሱ እስከ ምዝገባው ማብቂያ ይቆይ፣ ወይም ከማቋረጥዎ በፊት መኪናዋ ጥቅም ላይ እንደማትውል የሚያረጋግጠውን የዲኤምቪ ቅጽ ሞልተው ያስገቡ።

ሁለተኛው ጉዳይ ሞተሩ ነው፤ የኔ ምክር ከመሄድዎ በፊት ይጨርሱት የሚል ነው። በካሊፎርኒያ ከስሞግ ነጻ የሆኑት የቤንዚን መኪናዎች የ1975 ሥሪትና ከዚያ የቆዩት ብቻ ስለሆኑ የእርስዎ 1982 ከእጁ አታመልጥም። ሞተሩ የተለወጠ መኪና በተራ የስሞግ ጣቢያ አይታለፍም፤ ሬፈሪ ወደሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ግቢ ውስጥ ወደሚሠራው ቢሮ በቀጠሮ ይሄዳል። ሬፈሪው የሚመለከተው አዲሱ ሞተር ከመኪናዋ ዓመት ጋር እኩል ወይም ከዚያ አዲስ የሆነ ሥሪት መሆኑን፣ ከተመሳሳይ የተሽከርካሪ ክፍል መምጣቱንና የመጣበት መኪና ይዟቸው የነበሩት የጭስ መቆጣጠሪያዎች በሙሉ አብረው መገጠማቸውን ነው፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ፣ የኦክስጅን ሴንሰሩ፣ የቤንዚን ትነት የሚይዘው ካኒስተር፣ ሁሉም። የ1986 ሞተር በ1982 መኪና ላይ በዓመት በኩል ችግር የለበትም፤ በተገላቢጦሹ ቢሆን ኖሮ በሩ ዝግ ነበር።

ካለፈች ሬፈሪው መለያ ይለጥፍላታል፤ ከዚያ በኋላ ተራው ጣቢያ በዚያ መለያ መሠረት ይመረምራታል። መለያው ጊዜው አያልፍበትም። ዛሬ የጎደለው ዕቃ ምን እንደሆነ፣ ደረሰኙ የት እንዳለ፣ የትኛው ቱቦ ወዴት እንደሚሄድ ያስታውሳሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ኮፈኑን ከፍተው የሌላ ሰው ሥራ እንደሚያዩ ሆነው ነው የሚቆሙት። እኔ ደርሶብኛል።

ቬጋስ ነኝ

ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? ላስ ቬጋስ ዘመድ የሌለው አበሻ የለም። በዘመድ አድራሻ ኔቫዳ አስመዝግበው ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚነዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ፍሪሞንት ያለሁ

ከላይ ያለው ወንድማችን በቅንነት እንደጻፈው አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ምክሩ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ላስ ቬጋስ ባለበት ክላርክ ካውንቲ ራሱ ከ1968 ሥሪት ጀምሮ ላሉ የቤንዚን መኪናዎች የጭስ ምርመራ ግዴታ ስለሆነ ከምርመራ አይሸሹም። ከዚያም በላይ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ከሌላ ግዛት ያመጣውን መኪና በ20 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለበት፤ ያን ጊዜ ስሞጉ እንደገና ከፊትዎ ይቆማል።

ስለ ፒኤንኦ የተጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። ፒኤንኦ ላይ ያለች መኪና በሕዝብ መንገድ ላይ መነዳት ብቻ ሳይሆን መቆምም፣ መጎተትም አይፈቀድላትም። እኔ ጋራዤን ሳጸዳ አሮጌ ሆንዳዬን ገፍቼ ከበራፌ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር አቆምኳት። ለሁለት ሰዓት ብዬ ነበር፤ ሥራው ሲረዝም አደረች። ጠዋት ስወጣ ቦታዋ ባዶ ነው። ለማስለቀቅ የመጎተቻውን፣ በየቀኑ የሚጨምረውን የማስቀመጫ ክፍያ፣ በዚያ ላይ የዓመቱን ሙሉ ምዝገባ ከፈልኩ፤ ምክንያቱም መንገድ ላይ ከተገኘች አልነዳትም ያልኩት ቃል ፈርሷል። ስለዚህ ለወንድምዎ ቁልፉን ሲሰጡ ይህችን ነገር አጥብቀው ይንገሩት፤ እንግዳ መጣና ግቢው ጠበበ ብሎ ወደ ውጭ እንዳያወጣት። ፒኤንኦ ሳያስገቡ በዝምታ ቢያሳልፉትም መንገድ ላይ ከተገኘች መዳኛ የለም፤ ምዝገባው ካበቃ ስድስት ወር ያለፈው መኪና በሕግ ሊጎተት ይችላል።

የዲኤክስ ወዳጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኔቫዳን ትቼዋለሁ፤ ፒኤንኦውን አስገባለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የገዛሁት ማኒፎልድ በሬፈሪው ፊት ችግር ያመጣብኛል? ደግሞም አሮጌ መኪናዎችን ከስሞግ ነጻ የሚያደርግ ሕግ ሊወጣ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እሱን መጠበቅ አይሻልም?

ጋራዥ ውስጥ ያረጀ

ከሕጉ ልጀምር። በኮሜዲያኑና በመኪና ሰብሳቢው በጄይ ሌኖ ስም የሚጠራው ረቂቅ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሞላቸውን፣ የሰብሳቢ ኢንሹራንስ ያላቸውን መኪናዎች ነጻ ሊያደርግ የታሰበ ነበር። በ2025 በግዛቱ ሴኔት አልፎ በነሐሴ ወር በታችኛው ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ ውስጥ ቀረ። ሌላ ዓመት ሌላ ረቂቅ ሊመጣ ይችላል፤ ያልተወለደ ሕግ ላይ ግን መኪና አይቆምም።

ማኒፎልዱን በተመለከተ የሚወስነው አንድ ነገር ነው፦ የግዛቱ የአየር ጥራት ቦርድ የሰጠው የፈቃድ ቁጥር አለው ወይስ የለውም? ቁጥሩ ኢኦ የሚል ምልክት ያለበት ሆኖ በዕቃው ላይ ተለጥፎ ወይም ተቀርጾ ይገኛል። ፈቃዱ የእርስዎን ሞተርና ዓመት የሚያካትት ከሆነ ደረሰኙንና ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ። ከሌለው ከጭሱ የሚወጣው ቁጥር የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን በዓይን ምርመራው ትወድቃለች፤ ይህ ብዙ ሰው የሚናደድበት ነገር ነው፣ እኔም አንዳንዴ ከሚናደዱት ጋር ነኝ። ቀላሉ መንገድ የጂቲኤሱን ዋና ማኒፎልድ ከአሮጌ ዕቃ ቤት ፈልጎ መመለስ ነው።

ጊዜው ስለሚያጥርዎ ቀጠሮውን ዛሬውኑ ይያዙ፤ ዕቃው የሚፈለገው ቀጠሮው እስኪደርስ ነው። የሬፈሪው ቀን ከመሄድዎ በፊት ባይደርስ እንኳ አይጨነቁ፤ ሲመለሱ ዲኤምቪ ፒኤንኦ ላይ ላለች መኪና የአንድ ቀን የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ስለሚሰጥ ኢንሹራንስ ገብተው በዚያ ፈቃድ ወደ ምርመራው መንዳት ይችላሉ። ስታቆሟት ባትሪውን ይንቀሉ፤ በተመለሱ ጊዜ ደግሞ የቆየውን ቤንዚን ሳያስወጡና የትነት ቱቦዎቹን ሳይፈትሹ ለምርመራ አያቅርቧት። ከ1976 እስከ 1995 ባሉት ሥሪቶች ላይ የቤንዚን ትነት ያፈሳል ወይ የሚል የግፊት ፍተሻ አለ፤ ሁለት ዓመት የቆመ ጎማ ቱቦ ሲሰነጠቅ በዓይን አይታይም።

የዲኤክስ ወዳጅ (ጠያቂ)

ቀጠሮው ለ18ኛው ቀን ተገኝቷል፤ የምሳፈረው በ24ኛው ነው። ማኒፎልዱን አሁን ወጥቼ አየሁት፤ ምንም ቁጥር የለበትም። የጂቲኤስ ዋና ማኒፎልድ ያለው ሰው ካለ እባካችሁ በውስጥ መልእክት ያግኘኝ።