ቤልግሬድ በነሐሴ መግቢያ፣ ከሁለት ሕፃናት ጋር፦ ሙቀቱን እንዴት ልቻለው?

ማሂ ከፍራንክፈርት፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ባለቤቴ ለሥራ አንድ ሳምንት ቤልግሬድ ይሄዳል። ማረፊያውን መሥሪያ ቤቱ ስለሚችል እኛም ተንጠላጥለን ልንሄድ ነው፣ ኦገስት 4 ገብተን 11 እንወጣለን። ልጆቼ አምስትና ሁለት ዓመታቸው ነው። ትንሿ ገና በጋሪ ነች። ትልቁ ደግሞ ሃምሳ ሜትር ሄዶ «እማ እቀፊኝ» የሚል ዓይነት። ቀን ቀን ባለቤቴ ስብሰባ ላይ ስለሆነ ሁለቱም በእኔ ላይ ናቸው። የፈራሁት ሙቀቱን ነው። ትንበያው 37፣ 38 ይላል፤ እነዚህ ልጆች እኮ እዚህ 32 ሲሆን ቤቱን ያፈርሱታል። ቀኑን የት ላሳልፍ? ጋሪ ይሄዳል ወይ? የቧንቧ ውሃውስ ይጠጣል? ፍልሰታም እዚያ እያለን ይገባል፣ የሚበላ ነገር ካለ ንገሩኝ። በናታችሁ ሙዚየም ብቻ እንዳትሉኝ።

የናሆም አባት፦
ማሂ፣ እኛ አምና በሐምሌ ነበርን። የእኔዎቹ ስድስትና ሦስት ናቸው። ስህተታችንን ልንገርሽና አንቺ አትድገሚው። የመጀመሪያው ቀን ቁርስ ተዝናንተን በልተን፣ ክሬም ተቀባብተን፣ ልክ 11 ሰዓት ላይ ወደ ካሌሜግዳን ምሽግ ወጣን (በፈረንጅ ሰዓት ነው የማወራው፣ እስከ መጨረሻው)። መናፈሻው ዛፍ አለው፣ ደህና ነው። ግንቡ ጋ ስትደርሺ ግን ጥላ የሚባል ነገር የለም፣ ድንጋዩ ራሱ ይተነፍሳል። ትንሹ ጫማውን አውልቆ መሬት ላይ ተዘረጋ። ናሆም አለቀሰ። እናታቸው ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ተመለስን።

በማግሥቱ የአገሩን ሰው ማየት ጀመርኩ። እኩለ ቀን ላይ ልጅ ይዞ የሚዞር ሰርብ የለም፣ መንገድ ላይ ያለነው እኛ ቱሪስቶች ብቻ ነን። ማታ 9 ሰዓት ላይ ግን ክኔዝ ሚሃይሎቫ ውጪና እዪ። መኪና የማይገባበት ሰፊ መንገድ ነው፣ በሕፃናት ይሞላል፣ አይስክሬም የያዘ፣ ስኩተር የሚነዳ፣ አባቱ ትከሻ ላይ የተኛ። እኛም ሰዓታችንን አዞርነው። 7 ላይ ወጥተን እስከ 10፣ ከዚያ ክፍላችን ገብተን ኤሲ ከፍተን ምሳና እንቅልፍ፣ 6 ሰዓት ገደማ እንደገና መውጣት። «በ8 ሰዓት መተኛት» የሚለውን የጀርመን ሕግ ለአንድ ሳምንት እርሺው። ካሌሜግዳንን ራሱ ጀምበር ስትጠልቅ ብትሄጂ የሳቫ ወንዝና የዳኑብ ወንዝ ሲገናኙ ከላይ ታያለሽ። መግቢያ አይከፈልም።

እዚያው ምሽጉ ላይ የአራዊት መናፈሻ አለ። ጠዋት ሲከፈት ግቢ። ሙያ የሚባል አዞ አላቸው፣ የአሜሪካ ዝርያ ነው፣ በፈረንጅ በ1937 የመጣ! የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ቦምብ እዚያው ሆኖ አሳልፏል። ናሆም ሌላውን ሁሉ ረስቶ ስለ እሱ ብቻ ነው የሚያወራው። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ አጥር ጠባብ ነው፣ ባለቤቴ አልወደደችውም።

ሚሚ ነርሷ፦
የኔ እህት፣ ዋናው ነገር የጋሪው ነው። ብዙ እናቶች ልጅቷን ከፀሐይ ለመከለል ነጠላ ወይም ብርድ ልብስ ጋሪው ላይ ያለብሳሉ። እንዳታደርጊው! ስስም ቢሆን አየር ይዘጋል፣ ውስጡ እንደ ምድጃ ይሆናል። ጃንጥላ ግጠሚለት፣ ወይም ጥላ ጥላውን ሂጂ። ውሃ እስክትጠይቅሽ አትጠብቂ፣ በየሃያ ደቂቃው ትንሽ ትንሽ። ዳይፐሯን ተከታተይ፤ ለብዙ ሰዓት ደረቅ ከሆነ፣ አፏ ከደረቀ፣ እንባ ሳይወጣት ካለቀሰች ፈሳሽ አንሷታል ማለት ነው። እኛ አገር ለምለም የምንለው ፈሳሽ የሚተካው ዱቄት እዚያም ፋርማሲ ይገኛል፣ ግን ከቤትሽ ሁለት ሦስት ፓኬት ያዢ። ሰውነቷ እሳት ሆኖ ከፈዘዘች ወይም አልነቃ ካለች ግን ቤት ልመለስ አትበይ። አምቡላንስ 194 ነው።

ጋሽ ዩጎ፦
ልጄ ማሂ፣ እኔ በ80ዎቹ እዚያ ተምሬያለሁ። ያኔ ኤሲ የሚባል አናውቅም፣ ሐምሌ ሲመጣ ከተማው በሙሉ አዳ ይገባል። አሁንም እንደዚያው ነው። አዳ ጺጋንሊያ ድሮ ሳቫ ወንዝ ላይ ያለች ደሴት ነበረች። በግድብ ከዳር ጋር አያያዟትና መሃሉ ሐይቅ ሆነ፣ አራት ኪሎ ሜትር የሚረዝም። ሰርቦቹ «የቤልግሬድ ባሕር» ይሉታል። በበጋ ሰው እንዳይሰጥም የሚጠብቁ ዋናተኞች አሉ፣ ከኋላው ሁሉ ዛፍ ነው። ዳርቻው ጠጠር ስለሆነ የውሃ ጫማ ለልጆቹ ግዢ። ቅዳሜና እሁድ አትሂጂ፣ ሰው ላይ ሰው ነው።

ስለ ሙቀቱ ደግሞ አትደነግጪ ብዬ አልዋሽሽም። በፈረንጅ በ2007 ሐምሌ ላይ 43.6 ዲግሪ ደርሷል። የቧንቧ ውሃው ግን ይጠጣል። ከተማው ውስጥ ቼስማ የሚሏቸው ምንጮች አሉ፣ ክኔዝ ሚሃይሎቫ ላይ አንዱን ታገኚዋለሽ። ጠርሙስ እየሞላሽ ሂጂ። ጊዜ ካላችሁ የዩጎዝላቪያው መሪ የቲቶ መቃብር ያለበትን ሙዚየም እዩ። ጃንሆይ በፈረንጅ በ1961 ለገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ቤልግሬድ መጥተው ነበር። ስድስት ኪሎ ያለውን የሰማዕታት ሐውልትም የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው።

ቤቲ ከቪየና፦
ጋሼ፣ ሙዚየም አትበሉኝ ብላለች እኮ 😄 ለሁለት ዓመት ልጅ ቲቶን ማን ያስረዳታል?

ማሂ የምግቡን እኔ ልንገርሽ። «ፖስኖ» የምትለዋን ቃል ያዢ፣ የጾም ማለት ነው። እነሱም ኦርቶዶክስ ስለሆኑ አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል። የእነሱ ፍልሰታ ኦገስት 14 ነው የሚገባው፣ አንቺ ትቀድሚያቸዋለሽ፣ ግን ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ስላሉ ዳቦ ቤቶች (ፔካራ ይሏቸዋል) ሁሌም የሆነ ነገር አያጡም። ፖስኖ ብለሽ ዓሣ ሊያመጡልሽ ይችላሉ፣ እነሱ ጋ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ለልጆቹ ቼቫፒ (የተጠበሰ የተፈጨ ሥጋ)፣ ቡሬክ (በሥጋ ወይም በአይብ የተሞላ ስስ ሊጥ) እና እርጎ፣ አለቀ። ውስጥ ግን አትቀመጡ። ምግብ ቤት ውስጥ ሲጋራ ይጨሳል፣ አንዳንዴ ጎንሽ ያለው ሰው ሕፃን አይቶም አያጠፋም።

ጋሪውን በተመለከተ፦ ስካዳርሊያ የሚባለው የድሮ ሰፈር ቆንጆ ነው፣ ግን ኮብልስቶን ነው፣ ያውም የድሮው። ከሳቫ ወደ መሃል ከተማም ዳገት ነው። ቀለል ያለ የሚታጠፍ ጋሪ ይሻላል። ከ2025 ጀምሮ አውቶቡስና ትራም ለሁሉም ነፃ ነው። ሁለት ፌርማታም ቢሆን ግቢ፣ ትኬት የለ ምን የለ። አሮጌዎቹ ትራሞች ግን ደረጃ አላቸው፣ ኤሲም የላቸውም። አዲሱን ጠብቂ። ከአየር ማረፊያ የሚመጣው ኤ1 ሚኒባስ ብቻ ይከፈልበታል፤ 72 ቁጥር አውቶቡስ ነፃ ነው። ሰርቢያ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስላልሆነች የጀርመን ሲምሽን ዳታ ከአውሮፕላን ሳትወርጂ አጥፊው። እኔ ቢሉ መጥቶልኝ አልቅሻለሁ።

ያሬድ፦
ለምን ግን ትሄጃለሽ? ከሕፃን ጋር በ38 ዲግሪ? ባልሽ ሠርቶ ይመለስ።

የናሆም አባት፦
ያሬድ፣ ቤልግሬድ ውስጥ የሚወለዱት ሕፃናትስ የት ይሂዱ?

ማሂ ከፍራንክፈርት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሽ ዩጎ፣ አዳ ለመዋኘት ሳይሆን ለመንቦራጨቅ ያህል ይሆናል? ደግሞ ከ11 እስከ 5 ክፍል ውስጥ መዋል ለእኔ እስር ቤት ነው፣ ትልቁ አልጋ ላይ ሲዘል ነው የሚውለው። ቀዝቀዝ ያለ ሌላ ቦታ የለም?

ጋሽ ዩጎ፦
ይሆናል። ዋና ጠባቂው አጠገብ ሁኚ እንጂ። አንድ እጅሽ ሁሌ ትንሿ ላይ ይሁን።

ቤቲ ከቪየና፦
ቀዝቃዛ ቦታ፦ ወንዙ ዳር ጋሌሪያ የሚባል ትልቅ ሞል አለ፣ አጠገቡ የልጆች መጫወቻ አለ (እሱን ማታ)። እኔ ግን ከሁሉም የምመርጠው ቅዱስ ሳቫ ቤተ ክርስቲያንን ነው። ምድር ቤቱ በወርቅማ ሥዕሎች የተሸፈነ ነው፣ እኩለ ቀንም ቀዝቃዛ ነው፣ መግቢያ አይከፈልም። ካሌሜግዳን ሥርም የቅድስት ፔትካ ጸሎት ቤት አለች፣ ምንጭ ላይ የተሠራች። ሰዉ ውሃውን ለበረከት ይወስዳል፣ ልክ እንደ እኛ ጠበል። ከጎኗ ሩዢጻ የምትባለው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን መቅረዞቿ ከጥይት ቀለህና ከጎራዴ የተሠሩ ናቸው። ልጅሽ ይሄን አይረሳም።

የናሆም አባት፦
አንድ ሙዚየም ብቻ ፍቀጂልኝ፣ የኒኮላ ቴስላን። ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ያለ ሽቦ አምፖል እጃቸው ላይ ይበራል። ሰው ከበዛ ግን ክፍሉ ይሞቃል፣ ጠዋት ሂዱ።

ማሂ ከፍራንክፈርት፦
ተመልሰናል! የገባንበት ቀን 38 ነበር፣ ከአውሮፕላኑ ስንወጣ ትንሿ «ትኩስ» ብላ ፊቷን ሸፈነች። ሰዓት ማዞሩ ግን አዳነን። አዳ ሦስት ጊዜ ሄድን፣ ጠዋት 8 ላይ ገብተን 11 ሳይሞላ መውጣት። ቀን ቀን እንቅልፍ እምቢ ሲሉ ገንዳውን ሞልቼ ኩባያና ማንኪያ ሰጥቻቸው እኔ ሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ተቀምጬ ቡና ጠጣሁ። ምን ላድርግ። ቴስላ ጋ ሰልፉን አይተን ተመለስን። ቅድስት ፔትካ ጠርሙስ ሞልቼ ለእናቴም ይዤላታለሁ። ፖስኖ ብዬ እውነትም ዓሣ መጣልኝ። ትልቁ ማታ ማታ «ሙያ አሁን ተኝቷል?» ይላል።

ሚሚ፣ ጃንጥላው የጋሪው ብረት ላይ አልገጥም ብሎኝ በልብስ መቆንጠጫ አሠርኩት፣ ሠራ። የሚሄድ ሰው ካለ ደግሞ ከትንሿ የውሃ ጫማ አንዱ አዳ ቀርቷል፣ ሰማያዊ ነው።