ማኅበራዊ ጭንቀትና «አቮይዳንት» (ሸሺ) የሚባለው የስብዕና መታወክ፦ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ሁለቱም ከሰው መሸሽ አይደሉም እንዴ? ሕክምናቸውስ አንድ ነው?

መልስ 1፦ ድንበሩ ስስ ነው፤ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ። በማኅበራዊ ጭንቀት ፍርሃቱ ከሁኔታ ጋር ይያያዛል፦ ሰው ፊት መናገር፣ መብላት፣ አለቃ ማነጋገር። እንደ ዲኤስኤም-5 (የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ) አብዛኛውን ጊዜ 6 ወርና ከዚያ በላይ የቆየ መሆን አለበት። በአቮይዳንት ግን ሥሩ ስለ ራስ ያለ እምነት ነው፦ «ከሰው በታች ነኝ፤ ቀርበው ካወቁኝ ይንቁኛል።» ከ7 መመዘኛዎች ቢያንስ 4 ይጠየቃሉ፤ ለምሳሌ እንደሚወደድ እርግጠኛ ካልሆነ ሰው አለመቅረብ፣ ትችት ፈርቶ ሥራን መሸሽ። (ይሉኝታና ዓይን አፋርነት ብቻቸውን ሕመም አይደሉም፤ ይህን ማምታታት በዝቷል።)

መልስ 2፦ ብቸኝነትን ከሚመርጥ ሰውም ለዩት። አቮይዳንቱ ወዳጅ ይናፍቃል፣ ግን ይፈራል።

ለማኅበራዊ ጭንቀት እንደ ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት በሐኪም ይታዘዛል። በንግግር ሕክምናው ደግሞ የሚያስፈሩ ነገሮች ከ0 እስከ 100 ነጥብ ተሰጥቷቸው ከቀላሉ አንስቶ መጋፈጥ ይጀመራል። ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው እዚህ ጋ ነው፦ ሰውዬው ድግሱ ላይ ይገኛል፣ ግን ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል። ከዚያ አእምሮው «ያዳነኝ ስልኩ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ለአቮይዳንት ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ይረዝማል፤ የባለሙያውን ተራ አስተያየት እንኳ እንደ ንቀት ወስዶ ሊያቋርጥ ስለሚችል፣ ቅሬታን እዚያው መናገር የሕክምናው አካል ነው።

መልስ 3፦ «ለድፍረት» የሚቃም ጫትና የሚጠጣ መጠጥም ያው እንደ ስልኩ ነው።