በተሸመነ ኮምፖዚት የጉዳት ስሌት ላይ የእርዳታ ጥያቄ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ፣ ከካርቦን ክር ተሸምኖ በኢፖክሲ ሙጫ የተጣበቀ ጨርቅ ሲጎተት እንዴት እንደሚሰነጠቅና በምን ያህል ጭነት እንደሚበጠስ በአባከስ (አካልን ኤለመንት በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ ጭነት ሲያርፍበት የሚሆነውን በሚያሰላ ሶፍትዌር) ለመተንበይ እየሞከርሁ ሳለ፣ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜአለሁ። ሞዴሉ የሚደጋገመውን አንድ የሽመና አሃድ ብቻ የያዘ ሲሆን፣ ድሩና ማጉ ለየብቻ ተቀርጸዋል፤ የቁሱ አቅጣጫም የክሩን ሞገድ ይከተላል። በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው የሃሺን የጉዳት ሞዴል (ክሩና ማጣበቂያው መቼ መጎዳት እንደሚጀምሩ የሚወስን ስሌት) ለሼል (ቅርፊት መሰል) እና ለመሰል ስስ ኤለመንቶች ብቻ ስለሚያገለግል፣ ለጠጣር ኤለመንቶች የሚሆነውን የሃሺን የ1980 እ.ኤ.አ. መስፈርት ራሴ በፎርትራን የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌዋለሁ።

እስከ መጀመሪያው ስንጥቅ ድረስ ውጤቱ መልካም ነው፤ እንደሚጠበቀውም ቀድመው የሚሰነጠቁት ለጭነቱ አግድም የተኙት ክሮች ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን የኤለመንቱን መጠን ከ0.2 ወደ 0.1 ሚሊሜትር ስቀንስ የተተነበየው ጥንካሬም አብሮ ይወርዳል። ይህን ለማስቀረት የስብራት ኢነርጂውን (ስንጥቅ ለመክፈት የሚፈጀውን ጉልበት) ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ኤለመንት በሚሰጠው ርዝመት ባካፍለውም ልዩነቱ አልጠፋም። የማረጋጊያ ቪስኮሲቲ (ስሌቱ እንዳይቋረጥ የጉዳቱን እድገት የሚያዘገይ ቁጥር) ስጨምር ደግሞ ስሌቱ ሳይቋረጥ ቢቀጥልም ጥንካሬው ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል፣ የተሳሳተው ቁጥር ትክክል መስሎ ይታያልና።

ጥርጣሬዬ ክሮቹ በሚሻገሩበት ቦታ ያሉት ቀጫጭንና የተዛቡ ኤለመንቶች በአንድ ርዝመት ሊወከሉ አለመቻላቸው ላይ ነው። ርዝመቱን ለእያንዳንዱ የስንጥቅ አቅጣጫ ለየብቻ ያሰላችሁ ካላችሁ፣ ከኤለመንቱ ቅርጽ እንዴት እንዳወጣችሁት ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።