ቶሺሮ ሚፉኔ ከኩሮሳዋ ከተለየ በኋላ ራሱን አባከነ ወይ? እስቲ እንከራከር

ናቲ፦ ሰላም ቤተሰብ። የጃፓን ፊልም የሚወድ ሁሉ የሚጨቃጨቅበት ነገር ነው፣ እዚህም ይነሳ። ሚፉኔ ከ1948 እስከ 1965 (በፈረንጆቹ) ከዳይሬክተሩ አኪራ ኩሮሳዋ ጋር 16 ፊልም ሠራ፣ ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሁለቴ ምርጥ ተዋናይ ተባለ፣ ከዛ ተለያዩና ወደ ቲቪና ወደ ሆሊውድ ሄደ። እኔ ራሱን አባክኗል ባይ ነኝ። የኩሮሳዋ ራሾሞን ፊልም ላይ ያ ሽፍታ ሆኖ ገላውን እያከከ፣ ትንኝ ምናምን እየገደለ፣ እንደ እብድ ሲስቅ ያየ ሰው ሚድዌይ የሚባለው የሆሊውድ ፊልም ላይ የጃፓኑ አድሚራል ያማሞቶ ሆኖ ገትረውት ሲያይ ያዝናል። ድምፁ እንኳ የሱ አይደለም እኮ፣ ፖል ፍሪስ የሚባል አሜሪካዊ ነው የተናገረለት!

ቤቲ፦ ናቲዬ ድምፁን የቀየሩት እነሱ ናቸው፣ እሱ ምን አረገ? ግራንድ ፕሪ የሚባለው የሆሊውድ ፊልም ላይም እንግሊዝኛ ሳይችል ዲያሎጉን ሸምድዶ ነው ካሜራ ፊት የቆመው፣ በኋላ ነው የሌላ ሰው ድምፅ የጫኑበት። ደሞ ውጪ መሥራት የጀመረው ከተጣሉ በኋላ አይደለም፣ 1961 ላይ ሜክሲኮ ሄዶ የኦአካካ ገበሬ ሆኖ በሸመደደው ስፓኒሽ ሠርቷል፣ ፊልሙም ለኦስካር ታጭቷል። ሲጀመር ቶሆ የሚባለው የጃፓን ፊልም ስቱዲዮ የሄደው የካሜራ ሥራ ፈልጎ ነበር፣ ጦር ሠራዊት ውስጥ የአየር ላይ ፎቶ ክፍል ስለነበረ። ሥራ የሚፈልግ ሰው ነው እንጂ ተዋናይ ካልሆንኩ ያለ ሰው አይደለም።

ሰሎሞን፦ እኔ ከቤቲ ጋር ነኝ ግን ዋናው ብሩ ነው። ከኩሮሳዋ ጋር የሠራውን የመጨረሻ ፊልም ቀይ ጢምን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ፣ ጢሙ ደሞ የራሱ ነው፣ መላጨት አይችልም፣ ስለዚህ በመሃል ሌላ ፊልም መሥራት አይችልም ማለት ነው። በዛ ሰዓት የራሱን የፊልም ካምፓኒ ከፍቷል፣ ደሞዝ የሚጠብቅ ሠራተኛ አለው፣ ዕዳ አለበት። ቲቪ ገባ ብለን ከመውቀሳችን በፊት ሲኒማው ምን ሆኖ እንደነበር እንይ፣ 1958 ላይ ጃፓን ውስጥ ከ1.1 ቢሊዮን በላይ ትኬት ተሸጧል፣ 1970 ላይ ወደ 250 ሚሊዮን ወርዷል። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ባሸነፈበት በ1964 አብዛኛው ቤት ቲቪ ገብቷል። ተመልካቹ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ተዋናዩ ባዶ አዳራሽ ይጠብቅ ነው የምትሉት? ሚፉኔ 1971ን ሙሉ የ47ቱን ሮኒኖች (ጌታ የሌላቸው ሳሙራዮች) ታሪክ ቲቪ ላይ በየሳምንቱ 52 ክፍል ሠርቶላቸዋል፣ እኔ ይሄን ብክነት አልለውም።

ናቲ፦ ሶሌ የደሞዙ ነገር ገብቶኛል፣ እውነትህን ነው። ግን ያ ሰውዬ የኩሮሳዋ የደም ዙፋን ፊልም ላይ እውነተኛ ቀስተኞች እውነተኛ ፍላጻ እየወረወሩበት፣ ፍላጻው አጠገቡ እንጨቱ ላይ እየተሰካ፣ እጁን እያወናጨፈ ወደየት እንደሚሄድ ለቀስተኞቹ ምልክት እየሰጠ የሠራ ሰው ነው። እንደዛ ሕይወቱን የሰጠ ሰው 1941 የሚባለው የስፒልበርግ ፊልም ላይ ምን ሊያረግ ገባ? ልጁ እንዳለችው ስታር ዋርስን የሳሙራይን ክብር ይነካል ብሎ እምቢ ብሏል፣ ታዲያ ይሄንንስ ለምን እምቢ አላለም?

ቴዲ፦ ሁላችሁም ኩሮሳዋን ረሳችሁት። አብረው በነበሩበት ጊዜ ኩሮሳዋ 17 ፊልም ሲሠራ ሚፉኔ የሌለበት ኢኪሩ ብቻ ነው። ከ1965 በኋላስ? እስኪሞት ድረስ 7 ፊልም ብቻ! 1970 ላይ የሠራው ከሰረ፣ በዓመቱ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ፣ ከዛ ሶቪየቶች ናቸው ፊልም ያሠሩት። ሚፉኔ ባይለየውስ የት ያሠራው ነበር? በየአምስት ዓመቱ አንድ ፊልም እየጠበቀ ያን ሁሉ ሠራተኛ ምን ሊያበላ ነው? ደሞ ከኩሮሳዋ ውጪ ምንም የለውም የምትሉ የዳይሬክተር ኮባያሺን የ1967ቱን ፊልም የሳሙራይ አመፅን እዩ፣ ልጁና ምራቱ በጌታው ሲበደሉ ዕድሜውን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የኖረው አባት ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚነሳ። ለኔ ከቀይ ጢም አያንስም፣ የገዛ ካምፓኒውም አለበት።

ናቲ፦ ቴዲ እሱን ፊልም እቀበላለሁ። ግን ኩሮሳዋ በኋላ ካጌሙሻና ራን የሚባሉትን ፊልሞች ሲሠራ ዋናውን ቦታ ናካዳይ የሚባል ሌላ ተዋናይ ነው የያዘው፣ ናካዳይ ጎበዝ ነው፣ ግን ራን ላይ ያ እብድ ሽማግሌ ጌታ ሚፉኔ ቢሆን ብዬ ሳስብ ያንገበግበኛል። ታርቀው አንድ እንኳ ሳይሠሩ ሚፉኔ በ1997 መጨረሻ ሞተ፣ ኩሮሳዋም ዓመት ሳይሞላው ተከተለው።

ቤቲ፦ ያንገበግባል፣ ግን ያ የሁለቱም ጥፋት ነው፣ የቲቪ አይደለም። በቲቪ ከሄድን ደሞ ሚፉኔ ጌታ ቶራናጋን ሆኖ የሠራበት ተከታታይ ሾገን አለ፣ 1980፣ የአሜሪካው ኤንቢሲ። ጃፓንኛው ሳይተረጎም ነው የተላለፈው፣ ከስር ጽሑፍ እንኳ የለም፣ አሜሪካዊው ቶራናጋ ምን እንዳለ ሳይሰማ ፊቱንና አቋሙን እያየ ነው የተከተለው፣ ለኤሚም (የአሜሪካ የቲቪ ሽልማት) ታጨ። 2024 ላይ ሂሮዩኪ ሳናዳ ያንኑ ቦታ በጃፓንኛ ተጫውቶ ኤሚውን ሲወስድ ሁላችን አጨብጭበናል። ታዲያ ለሳናዳ ድል የሆነው ለሚፉኔ እንዴት ውርደት ይሆናል?

ናቲ፦ ሾገንን ውርደት አላልኩም፣ እዛ ላይ በገዛ ድምፁ ነው ያለው። የኔ ጸብ ከሚድዌይና ከ1941 ጋር ነው፣ እነሱን በደሞዝ ብታስረዱኝም አልቀበልም።